«ስቴት» እና «መንግሥት»፦ የቆመውና የነገሠው

እ.ኤ.አ. በ1933 በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ የተፈረመ አንድ ስምምነት አለ። የዓለም አቀፍ ሕግና የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያውን አንቀጽ ያውቀዋል። አንቀጹ በእንግሊዝኛ «ስቴት» የሚባለው አካል ሊያሟላቸው የሚገቡ አራት ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ቋሚ ሕዝብ፣ ወሰኑ የታወቀ ግዛት፣ «ገቨርንመንት»፣ እንዲሁም ከአቻዎቹ ጋር ግንኙነት የመመሥረት ችሎታ። ይህንን ወደ አማርኛ እንመልሰው ስንል ግን ችግር ይገጥመናል። «ስቴት» መንግሥት ነው፤ «ገቨርንመንት»ም መንግሥት ነው። ስለዚህ መንግሥት ለመባል ሕዝብ፣ ግዛትና መንግሥት ሊኖር ይገባል ማለታችን ይሆናል። በክፍል ውስጥ እዚህ ነጥብ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ ዘወትር ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ግን የሚያስቅ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁለት ቃል ያስፈለገው ለምንድን ነው? ቃሉንስ ከየት አመጣው? እኛ ሁለቱን ነገር በአንድ ስም ስንጠራ ምን አተረፍን፣ ምንስ አጣን? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ «ስቴት» የሚለውን ተራ የሚመስል የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ ተከትለን ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን። የቃላት ጉዳይ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሥራ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እጠይቃለሁ።

ከመቆም የተወለደ ቃል

«ስቴት» ሥሩ ላቲን ነው። መቆም ከሚለው ግስ «ስታቱስ» ተወለደ፤ ትርጉሙም አቋም፣ አቀማመጥ፣ ሁኔታ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን ከላቲንና ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲወስደው ይኸው የመጀመሪያ ትርጉሙ ነበረ። ዛሬም አልጠፋም። የአንድ ሰው የጤና ሁኔታ «ስቴት» ነው፤ ውኃ በረዶ፣ ፈሳሽ ወይም እንፋሎት ሲሆን ፊዚክስ ያንን «ስቴት» ይለዋል፤ አንድን ነገር በግልጽ መናገርም በግስነቱ «ስቴት» ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በእንግሊዝኛ «ስቴት ኦቭ ኢመርጀንሲ» ሲባል ቃሉ የሚያመለክተው ሀገሪቱ የገባችበትን ሁኔታ እንጂ የሚገዛትን አካል አይደለም።

ታዲያ «ሁኔታ» የሚለው ቃል እንዴት የፖለቲካ አካል ስም ሆነ? መንገዱ ረጅም ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የንጉሡ «ስታቱስ» ሲባል የንጉሡ ክብር፣ ማዕርግ፣ ይዞታ ማለት ነበር። ቃሉ የባለቤቱ ጥገኛ ነው፤ የማን አቋም ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። የኅብረተሰብ መደቦችም በዚያው ስም ይጠሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1789 በቬርሳይ የተሰበሰበውና የፈረንሳይን አብዮት በር የከፈተው ጉባኤ የካህናት፣ የመኳንንትና የተራው ሕዝብ መደቦች ጉባኤ ሲሆን፣ ለመደቦቹ መጠሪያ የሆነው የፈረንሳይኛ ቃል «ኤታ» ነው። እግረ መንገዴን ላንሣና፣ ይህ «ኤታ» ለእኛም ባዳ አይደለም፤ «ሚኒስትር ዴኤታ» ስንል በየቀኑ የምንጠራው እርሱን ነው። «ስቴት» ወደ አማርኛ የገባው በፈረንሳይኛ ልብስ ተሸፍኖ ስለሆነ አናውቀውም እንጂ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተጽፎ ይታያል።

ፍሎረንሳዊው ኒኮሎ ማኪያቬሊ እ.ኤ.አ. በ1513 «ልዑል» የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ (የታተመው ከሞተ በኋላ በ1532 ነው) «ስታቶ» የሚለውን ቃል በየገጹ ተጠቅሞበታል። ሆኖም የታሪክ ምሁሩ ኩዌንቲን ስኪነር እንዳሳየው፣ በማኪያቬሊ ዘንድ ቃሉ ገና ከልዑሉ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም። ልዑሉ «ስታቶውን መጠበቅ» አለበት ሲል ብዙውን ጊዜ ሥልጣኑን፣ ይዞታውን፣ የበላይነቱን መጠበቅ ማለቱ ነው። ቃሉ ከሰውየው ተለይቶ በራሱ እግር የቆመው በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ነው። የተለየውም በደም ነው።

ንጉሥ ሲከሰስ

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ተረታችን በእንግሊዝ አገርም ለዘመናት ሕግ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1351 የወጣው የሀገር ክህደት ሕግ ክህደትን የሚተረጉመው በንጉሡና በቤተሰቡ ላይ እንደሚፈጸም ወንጀል ነው። በጥር 1649 ግን ለንደን ውስጥ ሰማዩ ታረሰ። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በዌስትሚኒስተር አዳራሽ ለፍርድ ቀረቡ፤ ክሱም የሀገር ክህደት ነበር። ንጉሡ ለክሱ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም፤ በምን ሥልጣን ነው የምትከሱኝ ብለው ጠየቁ። በአሮጌው ሕግ አስተሳሰብ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ክህደት በንጉሡ ላይ የሚፈጸም ከሆነ ንጉሥ ራሱን እንዴት ሊከዳ ይችላል? ክሱ ትርጉም የሚኖረው ከንጉሡ በላይ የሆነ፣ ንጉሡም ሊከዳው የሚችል ሌላ አካል አለ ተብሎ ሲታሰብ ብቻ ነው።

ንጉሡ በጥር 30 አንገታቸው ተቀላ። በግንቦት ወር ፓርላማው እንግሊዝን ንጉሥ የሌላት ነፃ «ስቴት» ብሎ ዐወጀ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1651 ቶማስ ሆብስ «ሌቫያታን» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ሆብስ የፍጹም ሥልጣን ደጋፊ እንጂ የንጉሥ ገዳዮቹ ወዳጅ አልነበረም። ሆኖም «ስቴት» ማለት ገዢውም ተገዢውም ያልሆነ፣ በሰዎች ስምምነት የተፈጠረ ሰው ሠራሽ አካል ነው፤ ገዢው የዚህ አካል ወኪል ነው የሚለውን ሐሳብ አጥርቶ ያስቀመጠው እርሱ ነው። የንጉሡ ጠላቶችም ደጋፊዎችም ወደ አንድ ሐሳብ መጡ፦ የሚያልፍ አለ፣ የሚቆምም አለ።

ስለ ፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ «መንግሥት ማለት እኔ ነኝ» አለ ይባላል፤ ለማለቱ ግን አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1715 ሲሞት እርሱ እንደሚሄድ፣ «ኤታ»ው ግን ሁልጊዜ እንደሚኖር ተናገረ ተብሎ ተዘግቧል። 72 ዓመት የነገሠ ንጉሥ እንኳ በአልጋው ላይ ሆኖ ልዩነቱን ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ ልዩነት ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 በእንግሊዝ ፓርላማ ጆን ካም ሆብሃውስ የተባሉ እንደራሴ ተቃዋሚውን ወገን «የግርማዊነታቸው ተቃዋሚ» ብለው ሲጠሩት ምክር ቤቱ ሳቀ። ቀልዱ ግን ሥር ሰደደ። ካቢኔውን የሚቃወም ሰው ዘውዱን የከዳ አይደለም፤ ይልቁንም ዘውዱን የሚያገለግልበት አንዱ መንገድ መቃወም ነው ማለት ሆነ። ከ1937 ጀምሮም የተቃዋሚው መሪ ደመወዝ ከሀገሪቱ ካዝና በሕግ ተወሰነለት። በ1854 የቀረበው የኖርዝኮትና የትሬቬልያን ዘገባ ደግሞ የሲቪል ሰርቪስ ቅጥር በፈተናና በችሎታ እንጂ በዘመድና በደጋፊነት እንዳይሆን መከረ። አሜሪካኖች በዚህ ረገድ ዘግይተዋል። ምርጫ ያሸነፈ ወገን ሹመቱን እንደ ምርኮ የሚከፋፈልበት ልማድ ነበራቸው፤ በ1881 ሹመት ፈልጎ ያልተሳካለት ሰው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኩሶ ከገደለ በኋላ ነው በ1883 በችሎታ የመቅጠር ሕግ ያወጡት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አስተሳሰብ የእኛ ብቻ ነው የሚል ሰው የዋሽንግተንን ታሪክ ቢያነብ መልካም ነው።

ከመንገሥ የተወለደ ቃል

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። «መንግሥት» የግዕዝ ቃል ነው፤ ሥሩም ነግሠ ነው። ቃሉ በመጀመሪያ ንግሥናን፣ የንጉሥን ግዛትና ዘመን ያመለክታል። «መንግሥተ ሰማያት» ስንል በእንግሊዝኛ «ኪንግደም» የሚባለውን ማለታችን ነው። በኋላ ንጉሡ በወረደበት ዘመን ሳይቀር ቃሉ አልወረደም፤ ንጉሥ የሌለው ደርግም ራሱን ወታደራዊ መንግሥት ብሎ ጠራ። እንግዲህ አንድ ቃል የእንግሊዝኛን ሦስት ቃላት ሥራ ተሸክሟል፦ ንጉሣዊ ግዛትን፣ «ስቴት»ን እና «ገቨርንመንት»ን።

ልዩነቱን በሥራቸው እንየው። የእነርሱ ቃል ከመቆም ይወለዳል፤ የእኛ ከመንገሥ። የቆመ ነገር ማን አቆመው ሳይባል ቆሞ ሊታይ ይችላል፤ መንገሥ ግን የሚነግሥ ሰው ይፈልጋል። ሌሎችም ሕዝቦች የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ዐረብኛው «ደውላ» መዞርን፣ ተራን ከሚያመለክት ሥር የመጣ ሲሆን ከ«ሑኩማ» የተለየ ነው። ዕብራይስጡ ሀገረ እስራኤልን «መዲና» ይላታል፤ ቃሉ ከፍርድና ከዳኝነት ሥር የወጣ ሲሆን፣ ካቢኔው ግን «ሜምሻላ» ነው። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን «መዲና» ሲባሉ መጀመሪያ ዋና ከተማ የመሰላቸው በአማርኛ ጆሮ ስለሰሙት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ቃል ዕጣ ፈንታ አይደለም። ከላይ እንዳየነው የእነርሱም ቃል ለብዙ መቶ ዓመታት የንጉሡ ንብረት ነበር። እንግሊዞችን ከንጉሥ ያላቀቃቸው የላቲን ሰዋስው ሳይሆን ትግል ነው። ሁለት ቃል ያለው ሁሉም ነፃ አልወጣም፤ «ደውላ» እና «ሑኩማ» ያላቸው አገሮች አምባገነን አላጡም። የእኔ ክርክር ከዚህ ያነሰ ነው፦ ስም የሌለው ልዩነት በጭንቅ ጊዜ ለመጨበጥ ያስቸግራል።

ሁለት አንቀጾች፣ አንድ ቃል

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ እንዳይመስለን ሕገ መንግሥታችንን እንክፈት። «ሕገ መንግሥት» የሚለው ስም ራሱ ሁለት ፊት አለው፤ መንግሥት የሚያወጣው ሕግ ነው ወይስ መንግሥትን የሚያስር ሕግ? የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው በፈቃዳቸው ሰጡ፤ በእርሱም ሆነ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይገሠሥ ነበር። በዚያ ዘመን መልሱ የመጀመሪያው ነበር ማለት ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሁለተኛውን መልስ ሊሰጥ የተጻፈ ነው። ሆኖም አንቀጽ 11ንና አንቀጽ 12ን ጎን ለጎን ያንብቡ። አንቀጽ 11 ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽና ተጠያቂ እንዲሆን ያዝዛል። የእንግሊዝኛው ቅጂ በመጀመሪያው «ስቴት»፣ በሁለተኛው «ገቨርንመንት» ይላል። የአማርኛው በሁለቱም «መንግሥት» ነው። በአንቀጽ 106 መሠረት ደግሞ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ልዩነቱ በትርጉሙ ውስጥ እንጂ ገዢ በሆነው ሰነድ ውስጥ አልተጻፈም።

አንቀጽ 40ን ደግሞ እንመልከት፤ ይህ የገበሬውን ማሳና የከተሜውን ጎጆ የሚነካ ነው። በየካቲት 1967 የወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬትን የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ብሎት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በእንግሊዝኛው የተጻፈው «ስቴት» ነው፤ ይኸውም ያለፈውም የሚመጣውም ትውልድ የሚጋራው፣ ማንም ባለሥልጣን ጠቅልሎ የማይወስደው አካል ማለት ነው። ገበሬው በአማርኛ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። በእርሱ ዘንድ መንግሥት ማለት የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የወረዳው አስተዳዳሪ፣ በስብሰባ ጊዜ መድረኩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። መሬትህ የመንግሥት ነው ሲባል የእነርሱ ነው የተባለ ይመስለዋል። መድረኩ ላይ የተቀመጡትም አንዳንዴ እንዲሁ ይመስላቸዋል። የገበሬው ግምት ከዕውቀት ማነስ የመጣ ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከልምድ የመጣ ነው እላለሁ።

በሌላ በኩል እኛ «ክልል» የምንለውን እንግሊዝኛው ቅጂ «ስቴት» ይለዋል። «ክልል» ከመከለል የመጣ ነው፤ ድንበር፣ አጥር፣ የተወሰነ ቦታ ነው። «ስቴት» ግን ታላቅ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1776 አሥራ ሦስቱ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ነፃ «ስቴቶች» ነን ሲሉ እያንዳንዳቸው እንደ ፈረንሳይ ወይም እንደ ስፔን ያሉ ሉዓላዊ ሀገሮች ነን ማለታቸው ነበር። ከኅብረቱ መውጣት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ክርክር የቋጨው ከ1861 እስከ 1865 የተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1869 አይቻልም ብሎ ፈረደ። እኛ ቃሉን ስንዋስ ይህን ሁሉ ታሪኩን አብረን አልተዋስንም። ባለሥልጣኑ በአማርኛ «ክልል» ብሎ አስተዳደራዊ ወሰንን ሲያስብ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ አንብቦ ሉዓላዊነትን ያስባል፤ ሁለቱም አንድ ሰነድ ይዘው ይከራከራሉ።

አማርኛ የሚያሸንፍበት ጊዜም አለ። እንግሊዝኛው «ዩናይትድ ኔሽንስ» ሲል የተባበሩት ሕዝቦች የተሰበሰቡ ያስመስለዋል። አማርኛው ሳያስመስል «የተባበሩት መንግሥታት» ይላል። በኒው ዮርኩ አዳራሽ ወንበር የያዙት እነማን እንደሆኑ ላየ ሰው የእኛ ትርጉም ከዋናው ይልቅ እውነተኛ ነው።

መንግሥት በወደቀ ቁጥር

በግንቦት 1983 ልጅ ነበርኩ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን ከሀገር ወጡ፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 20 ነው። በመካከል ባሉት ቀናት ትልልቆቹ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «መንግሥት የለም»። በሰፈራችን የነበረ አንድ የመንግሥት መጋዘን በዚያ ሰሞን ተዘረፈ። ስኳርና ጨርቅ ተሸክመው የሚሄዱትን ሰዎች አስታውሳለሁ፤ ብዙዎቹ በሌላ ጊዜ የሰው ዕቃ የማይነኩ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። አመክንዮአቸው ቀላል ነው። ዕቃው የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ወድቋል፤ ስለዚህ ዕቃው የማንም አይደለም። በቋንቋችን ውስጥ ይህን አመክንዮ የሚያቆም ቃል አልነበረም። የወደቀው አንዱ፣ ዕቃው የሌላው ነው ለማለት ሌላ ስም ያስፈልግ ነበር።

የተራው ሰው ዘረፋ ግን ትንሹ ነው። ባለሥልጣናቱ በዚያው አመክንዮ የሠሩት ይበልጣል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲረሽን፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ደርግ አሮጌውን መንግሥት እየቀበረ መሰለው። አክሊሉን የመሰለ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የሀገሪቱን የውጭ ጉዳይ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ሲገደል ግን የተቀበረው አገዛዙ ብቻ አልነበረም፤ የሀገሪቱ ትውስታም አብሮ ተቀብሯል። በ1983 ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠረው ሠራዊት «የደርግ ሠራዊት» ተብሎ ተበተነ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ፣ ከተበተኑት መካከል አብራሪዎችና ሌሎች ባለሙያዎች እንደገና ተፈለጉ። በ1985 ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። እነዚህ ክስተቶች በክብደታቸው እኩል አይደሉም፤ ግድያንና ስንብትን አላመሳስልም። የሚያገናኛቸው አንድ ግምት ነው፤ ይኸውም የቀድሞው ገዢ የነካው ሁሉ የቀድሞው ገዢ ንብረት ነው የሚለው ነው። ዘመንን የምንቆጥረውም «በጃንሆይ መንግሥት»፣ «በደርግ መንግሥት»፣ «በኢሕአዴግ መንግሥት» እያልን ነው። የነገሡትን ስንቆጥር የቆመውን መቁጠር ረስተናል።

ከዚህ ጋር የቤልጅየምን ነገር ያነጻጽሩ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2010 ምርጫ በኋላ ፓርቲዎቹ መስማማት አቅቷቸው ሀገሪቱ አዲስ ካቢኔ ሳይመሠረት 541 ቀናት ቆየች። ባቡሩ ይሄድ ነበር፤ ደመወዝ ይከፈል ነበር፤ ፍርድ ቤት ይሠራ ነበር። የተጓደለው «ገቨርንመንት» ሲሆን «ስቴት» ግን ነበረ። በጎረቤታችን በሶማሊያ ደግሞ ከ1991 በኋላ ለዓመታት ሀገሪቱን የሚገዛ ማዕከላዊ አካል ሳይኖር «ስቴት»ነቷ በዓለም መድረክ አልተሰረዘም፤ ሶማሌላንድ በበኩሏ የራሷን አስተዳደርና ገንዘብ ይዛ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰፊ የ«ስቴት»ነት እውቅና ሳታገኝ ኖራለች። ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው ሊኖሩ መቻላቸውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ቃሉ ባይኖርም ሐሳቡ ነበረ

ታዲያ ሐሳቡ ለእኛ ባዕድ ነውን? አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ሲወጡና ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ፣ በአሮጌው ትርጉም መንግሥት የለም ማለት ይቻል ነበር። ሙሶሊኒም የኢትዮጵያ መንግሥት አበቃ ብሎ ዐውጇል። አርበኞቹ ግን አላበቃም ብለው አምስት ዓመት ተዋጉ። ንጉሡ በሌሉበት ለማን ነበር የሚዋጉት? ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን እናስብ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አውሮፓ መሄዳቸውን አጥብቀው ተቃወሙ፤ በዱር በገደል ግን ለኢትዮጵያ ተዋጉ፤ ከድል በኋላም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲጣሉና ሲታሰሩ ኖረው በ1962 ዓ.ም. ከፖሊስ ጋር ተታኩሰው ሞቱ። የመረጡትን መንገድ ሁሉ እንድንደግፍ አልጠይቅም። ሆኖም ንጉሡን እየተቃወመ ለሀገሩ የሚሞት ሰው በቃል ያልተለየውን በተግባር ለይቶታል።

በቋንቋችንም ፈልገን ብናይ ፍንጩ አለ። አባቶቻችን «አልጋ» ሲሉ የነገሠውን ሰው ብቻ ማለታቸው አልነበረም፤ አልጋው ወራሽ አለው፣ ክብር አለው፣ ሰው ይነሣበታል ሰው ይቀመጥበታል። እንግሊዞች «ክራውን» ብለው የሚጠሩት ከንጉሡ ሥጋ የሚለይ ዘላቂ አካል ይኸው ነው። የተበደለ ሰው «የመንግሥት ያለህ!» ብሎ ሲጮህ የሚጠራው የሥልጣን ወንበር የያዘውን ፓርቲ አይደለም፤ የሚጠብቀውን፣ ሊጠብቀውም የሚገባውን አካል ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መንገደኛው መካከል ገብቶ «በሕግ አምላክ!» ሲል ደግሞ ከማንም ሹም ስም በላይ የሆነ ነገር እየጠራ ነው። መንገደኛው ሥልጣን የለውም፣ መሣሪያ የለውም፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ዱላው ይወርዳል። «ስቴት» የሚባለው ነገር ከዚህች ቅጽበት የተለየ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። የላቲኑ ሥር መቆም መሆኑን አይተናል። በአማርኛ ከቆመ የተወለዱትን እንቁጠር፦ አቋም፣ ቋሚ፣ ተቋም። ተቋም ማለት በትክክል «ስቴት» ሊሆን የሚገባው ነገር ነው፤ ሰዎች ሲያልፉ የሚቆም። ከዚያው ቤት የተወለደ አንድ ልጅ ግን ብዙ ስም አጥፊ አለው፤ እርሱም «ተቃዋሚ» ነው። ተቃወመ ማለት ፊት ለፊት ቆመ ማለት ነው። ከ2010 ወዲህ «ተፎካካሪ» በሚል እንዲተካ ብዙ ተሞክሯል፤ ቃሉ ጠላትነትን ያሰማል ተብሎ ይመስለኛል። እኔ ግን አሮጌውን እመርጣለሁ። ተቋምና ተቃዋሚ የአንድ ሥር ፍሬዎች መሆናቸውን ማወቅ ስሙን ከመቀየር ይልቅ ይጠቅማል።

አዲስ ቃል ይበቃል?

በቅርብ ዓመታት «ሀገረ መንግሥት» የሚለው ቃል በጋዜጣውም በመድረኩም ተለምዷል። ለ«ስቴት» ስም ለመስጠት የተደረገ ጥረት ስለሆነ አልነቅፈውም፤ በክፍል ውስጥ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሆኖም ቃል ብቻውን አያድንም። አንድ ባለሥልጣን የተቸውን ሰው «ሀገረ መንግሥቱን ሊያፈርስ ነው» ሲለው፣ አዲሱ ቃል ወደ አሮጌው ሥራ ተመልሷል ማለት ነው። አውሮፓም ከዚህ አላመለጠችም። ጆቫኒ ቦቴሮ እ.ኤ.አ. በ1589 ስለ «ስታቶ ምክንያት» መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ፣ ለ«ስቴት» ሲባል ተብሎ ያልተፈጸመ ግፍ የለም። ሰው አልባ የሆነ ቃል ሰው ሊደበቅበት ይችላል። ቱርኮች በ1996 በሱሱርሉክ ከደረሰው የመኪና አደጋ በኋላ መንግሥትና ወንበዴ አብረው ሲጓዙ ባዩ ጊዜ፣ «ጥልቁ ስቴት» የሚለው ስማቸው የዓለም ሁሉ ስም ሆነ።

ስለዚህ ከቃል ይልቅ ልማድ እጠይቃለሁ። «መንግሥት» የሚለውን ቃል ባነበባችሁና በሰማችሁ ቁጥር አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ ነገ በወንበሩ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ቢቀየሩ ይህ ዐረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ይቆያል? የመንግሥት ትምህርት ቤት ይቆያል፤ የመንግሥት ዕዳ ይቆያል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ማኅተም ይቆያል። የመንግሥት አቋም፣ የመንግሥት ዕቅድ፣ የመንግሥት መግለጫ ግን ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል። በመጀመሪያው ላይ እጁን የሚያነሣ ሁላችንንም ነክቷል። ሁለተኛውን የሚተች ግን የማንንም ቤት አላፈረሰም፤ የዜግነት ሥራውን ሠርቷል። ዳኛው ይህንን ቢለይ፣ ጋዜጠኛው ቢለይ፣ ፖሊሱ ቢለይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥልጣን የሚናፍቀው ተቃዋሚ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ቢለይ፣ የመዝገበ ቃላቱ ጉድለት ብዙ አይጎዳንም።

እንግሊዞች ይህንን ልዩነት ለመማር ንጉሥ ገድለዋል። እኛ ንጉሥ ገድለን፣ ሁለት ሥርዓት ከነአካቴው ነቅለን፣ ልዩነቱን ገና አልተማርንም። የሚነግሡት ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ የሚቆመውን ነገር አብረን ማቆም ግን የእያንዳንዳችን ዕዳ ነው።

ቸር ይግጠመን።